ሕመሙ ከመጀመሩ በፊት

ፈቃደ ሰሌኑ ላይ በመዳፉና በጉልበቱ ተደግፎ አየር እየሳበ ወገቡን ቀስ አድርጎ ወደ ታች ለቀቀ። ሲያስወጣ ጀርባውን እንደ ድመት አጎበጠ።

ሚስቱ ጸዳለ ከአልጋዋ ሆና ታየዋለች። ስትሮክ ከመታት ወዲህ ግራ ጎኗ አይታዘዛትም፤ ቃላቷም አንድ በአንድ ነው የሚወጡት።

«ድመቷ... ወፍራለች» አለች።

«አታስቂኝ ጸዲ፣ ትንፋሼ ይበላሻል።»

ዮጋውን ያሳየችው ምኞት ናት፣ የክሊኒኩ ፊዚዮቴራፒስት። ጸዳለን ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ መታጠቢያ ሲያመላልስ ወገቡና አንገቱ ተይዞ ነበር ፈቃደ ወደ እሷ የሄደው። «ጋሽ ፈቃደ፣ ሕመሙ ከመጀመሩ በፊት ያቁሙ» አለችው። «አንገትዎን ወደ ኋላ አይጣሉ። ትንፋሽዎ ከተቆራረጠ ልኩን አልፈዋል ማለት ነው። ባለቤትዎን ብቻዎን ማንሳቱ ደግሞ ይቅር።»

ቤት ሲገባ የመጨረሻውን ምክር ለማንም አልተናገረም።

ከደብረ ብርሃን ተመድቦ መጥቶ እዚህ ሴቻ ሰፈር ጡረታ እስኪወጣ ስፖርት ያስተማረ ሰው ነው። «ገና ሲያምህ ነው የሚጀመረው» እያለ ስንቱን ተማሪ ሜዳ አዙሯል። ሲያም ማቆም ለእሱ ስንፍና ነበር።

ደግሞ ቀኑ ቀርቧል። ልጃቸው የአብስራ ቅዳሜ ከአዲስ አበባ ትመጣለች። በስልክ ቁርጡን ነግራዋለች፦ «አባዬ፣ ሠራተኛ ሞክረን አንዷም አልሰነበተች። እማዬን ሳታቃስት አንስተህ ወንበሯ ላይ ካስቀመጥካት እዚሁ ትሁን። ካልቻልክ እወስዳታለሁ። ለሁለታችሁ የሚሆን ቦታ እንደሌለኝ ግን ታውቃለህ።»

መጀመሪያ ሰሞን ቀስ ብሎ መሥራቱ ጠቀመው። በጀርባው ተኝቶ ጉልበቶቹን ወደ ደረቱ ሲያቅፍ ወገቡ ውስጥ የተቋጠረው ነገር ይላላል። ጎንበስ ብሎ ጫማውን ማሰር ቻለ። ስለቻለ ጨመረ።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ እግሮቹን ዘርግቶ ተቀመጠ። ፎጣ በውስጥ እግሩ አዙሮ ወደ ራሱ ሳበ። ትንፋሹ ተቆራረጠ። አሁንም ሳበ። ከወገቡ ተነስቶ አንገቱ ድረስ አንድ ነገር ወጋውና በጎኑ ተጋደመ።

«ፈቄ።»

«ደህና ነኝ።»

መነሳት ግን አልቻለም። ጸዳለ ቀኝ እጇን ከአልጋው ወደ ታች ዘረጋች። አልደረሰችበትም። እሱ መሬት፣ እሷ አልጋ ላይ ሆነው ብዙ ተያዩ። በመስኮቱ የአባያ ሐይቅ ቀላ ያለ ውሃ ቀስ በቀስ እየጠቆረ ሄደ።

«አቁም» አለችው።

«አቁሜያለሁ እኮ።»

«እሱን... አይደለም። እኔን... ማንሳት።»

«ትንሽ ቀን እንድትጨምርልኝ የአብስራን እለምናታለሁ።»

«ልሂድ።»

«አንቺ አዲስ አበባን አትወጂም።»

«አልወድም።» ቀጣዩን ቃል ስትፈልግ ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ። «ብትወድቅ... አላነሳህም።»

ፈቃደ ግንባሩን ሰሌኑ ላይ ደፍቶ አለቀሰ፤ ሲያለቅስም አንገቱን ያመው ነበር። ሲመሽ አልጋውን ተደግፎ እንደምንም ተነሳ።

በማግስቱ የአብስራ እንደገባች ሁለቱንም ሳመችና ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ ወንበሩን ወደ አልጋው አስጠጋች። ወንበሩን ግን ማየት አልፈለገችም።

«እሺ አባዬ፣ እስቲ...»

«አልችልም» አላት ፈቃደ።

የአብስራ አባቷ እንዲህ ሲል ሰምታ አታውቅም። ስትመጣ መንገዱን ሙሉ ያዘጋጀችው ክርክር ሁሉ ከንቱ ሆነባት። «አንተን ብቻህን ጥዬ...» ብላ ጀመረች።

«እኔ እግር አለኝ፣ እየመጣሁ አያታለሁ። ሂጂና የሚወስዳችሁን መኪና ተነጋገሪ።»

ስትወጣ ፈቃደ ሞቅ ያለ ውሃ በሳህን፣ ፎጣና ጥፍር መቁረጫ አመጣ። ወንበሩ ላይ ጀርባውን አቅንቶ ተቀመጠ፤ እንዳያጎነብስ የጸዳለን ግራ እጅ በትራስ ላይ ከፍ አደረገው። እጇ ተጨብጦ ቀርቷል። ጣቶቿን አንድ በአንድ እያላቀቀ በውሃው አራሳቸው።

«አመመሽ?»

«አላ...መመኝም።»

«ልጅሽ ይሄን እጅ እየከፈተች እንድታጥብ ንገሪያት። ከተዉት ጥፍሩ መዳፍሽን ይወጋል።»

«አንተ... ንገራት።»

«እነግራታለሁ።»

ከአውራ ጣቷ ጀምሮ ጥፍሯን ቆረጠላት። ትንሿ ጣት ላይ ትንፋሹ ሊቆራረጥ ሲል ቆም ብሎ ጠበቀ። ከዚያ የትንሿንም ጥፍር ቆረጠ። መዳፏን አደረቀ፣ ጥፍር መቁረጫውን በፎጣው ጠርጎ አጠፈና የመስኮቱ ደፍ ላይ አስቀመጠው።