ሌንስ አውልቀው ይግቡ

እኔና ወንድም ጋሼ ከአባታችን ሁለት ነገር ወርሰናል፤ የሰዓት ሥራና ኬራቶኮነስ። ሰዓት ሥራውን ለመማር ሰባት ዓመት ፈጅቶብናል። በሽታው ግን ያለ አስተማሪ መጣ።

ኬራቶኮነስ ማለት የዓይን የፊት መስተዋት፣ ሐኪሞች ኮርኒያ የሚሉት፣ እየሳሳ ሄዶ ወደፊት ሲሾል ነው። እኔ ያለ ሌንስ አንድ አምፖል ሳይ ሦስት ይሆንብኛል፤ ዋናው ከላይ፣ ሁለት ግልባጮቹ ከሥሩ ተንጠልጥለው። ዓይን ላይ የምትለጠፈዋን ጠንካራ ሌንስ ሳደርግ ተመልሶ አንድ ይሆናል። ዘንድሮ ግን ሌንሷ ከሁለት ሰዓት በላይ ከቆየች ዓይኔን እንደ አሸዋ ትቆረቁረው ጀመር። ወረንጦ ይዞ ለሚኖር ሰው ሁለት ሰዓት ምንም አይደለም። ሐኪሟ ኮርኒያው ይቀየር አለች። መጀመሪያ ግን ከዓይን በስተኋላ ያለው ሬቲና፣ ብርሃኑን የሚቀበለው ስስ ሽፋን፣ ደህና መሆኑ መታየት አለበት። እሱ ከሞተ የፊቱን መቀየር ከንቱ ልፋት ነው።

ወንድም ጋሼን ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት እኔ የምታከምበት ሆስፒታል ሬቲናህ ሞቷል ብለው ኮርኒያውን ሳይቀይሩለት መለሱት። ከዚያ ወዲህ ነጠላ ጫማውን አድርጎ ሱቃችን ጥግ ካለው ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ የደንበኞችን ሰዓት ጆሮው ላይ ለጥፎ ይመረምራል። "ይሄ ጥርሱ ተበልቷል" ካለ ተበልቷል። ከፍቼ የማየው ለወጉ ያህል ነው።

ሬቲና ፎቶ የሚነሳበት ክፍል በር ላይ ወረቀት ተለጥፏል፦ "መነጽርና ሌንስ አውልቀው ይግቡ።" ፊደሉ ደቃቅ ስለሆነ ትእዛዙን አስቀድሞ ያከበረ ሰው ሊያነበው አይችልም። በእኛ ቤት ደግሞ የተለጠፈ ወረቀት ይከበራል። አባታችን "አይንኩ" የሚል ጽሑፍ ካየ እጁን ኪሱ ከትቶ ነበር የሚያልፈው። አወለቅሁ።

ከሰዓት በኋላ ሐኪሟ ጠራችኝ።

"አዝናለሁ" አለች። "ሬቲናው ተጎድቷል። ዝርዝሩ ጠፍቷል፣ የውፍረቱ ልኬትም ዝቅ ያለ ነው። ኮርኒያ ብንቀይርልዎትም አይጠቅምዎትም።"

ከወንድም ጋሼ ወንበር ጎን ሁለተኛ ወንበር የት እንደሚገባ ማሰብ ጀመርኩ፤ ሱቁ ጠባብ ነው። ወደ ቤት የምሄድበት ዓይን ያስፈልገኝ ነበርና ሌንሷን መልሼ አደረግኩ። ያኔ ነው ስክሪኗ ላይ ያለውን ፎቶ በደንብ ያየሁት። ደም ሥሮቹ ሁሉ ሦስት ሦስት ነበሩ፤ ዋናው ከላይ፣ ሁለቱ ከሥሩ ተንጠልጥለው።

"ዶክተር፣ ይሄ የእኔ አምፖል ነው" አልኩ።

"ምን አሉኝ?"

"ማሽናችሁ ያየው በእኔው ኮርኒያ አሻግሮ ነው። እኔ ያለ ሌንስ የሚታየኝን ነው ያነሳው። መስተዋቱ የተጫጫረ ሰዓት መጥቶልኝ፣ መስተዋቱን ሳላነሳ ውስጡ ሞቷል ብል ደንበኛው ምን ይለኛል?"

ፎቶ አንሺው በሩ ላይ ቆሞ ይሰማ ነበር። "ወረቀቱ እኮ አውልቁ ነው የሚለው" አለ።

ሐኪሟ ፎቶውን ትክ ብላ አየችው። "ከነሌንሳቸው አንሳቸው" አለች።

ሁለተኛው ፎቶ ላይ እያንዳንዱ ደም ሥር አንድ ሆነ። ሐኪሟ ሁለቱን ፎቶዎች ጎን ለጎን አድርጋ አመሳከረች፣ ልኬቱንም ደግማ አሰላችው።

"ሬቲናዎ ጤነኛ ነው። ለኮርኒያው ተራ እይዝልዎታለሁ" አለችኝ።

አልዋሽም፣ በአርባ ስድስት ዓመቴ ኮሪደሩ ላይ ዘለልኩ። ፎቶ አንሺው በጥፍሩ ወረቀቱን ከበሩ ላይ ይልጥ ነበር። ሙጫው ደርቆ አልለቅ ብሎታል።

"ስንት ዓመቱ ነው?" አልኩት እንዲያው ለጨዋታ።

"እኔ እዚህ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ስመጣም ቢጫ ሆኖ ነው ያገኘሁት።"

ደስታዬ እዚያው ቀረ። ሱቅ እስክደርስ ድረስ ማንን እንደምሰድብ እንኳ ሳላውቅ ስሳደብ ሄድኩ።

ወንድም ጋሼ የአንዲት ደንበኛ ሰዓት ጆሮው ላይ ነበር።

"እህስ? አለፍክ ወይስ እንደ እኔ?"

"አለፍኩ።"

"እሰይ! እሰይ የኔ ወንድም!" ፊቱ ሁሉ ጥርስ ሆነ። ከልቡ ነበር፤ ያ ነው የበለጠ ያሳመመኝ።

"ወንድም ጋሼ፣ ያኔ ፎቶ ሲያነሱህ ሌንስህ የት ነበረች?"

"የት ትሆናለች? ኪሴ ውስጥ ነዋ። በሩ ላይ አውልቁ ይላል እኮ።"

ሁሉንም ከመጀመሪያው ነገርኩት፤ አምፖሉን፣ ሁለቱን ፎቶዎች፣ ቢጫውን ወረቀት። ሰዓቱ ጆሮው ላይ እንዳለ ቀረ።

"አሥራ አንድ ዓመት" አለ በመጨረሻ።

ሰዓቱን ቀስ ብሎ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ከዚያ ነጠላ ጫማውን አውልቆ በባዶ እግሩ ከወንበሩ ሥር ወለሉን መዳሰስ ጀመረ።

"የውጭ ጫማዬን የት አባህ ነው ያደረግከው?"