ከጠባሳው በላይ

ከመምጣቴ በፊት ነገሩ እንዲህ ነበር። ከአባታችን የብርቱካን ዛፎች የቀረው አንድ ብቻ ነው፤ ከቤቱ ጓሮ፣ ከወንዙ ዳር ግንብ ሥር ቆሟል። ሌሎቹን ጎርፍ ወስዷቸዋል። አባታችን በእጁ መርጦ ያወጣው ዓይነት ስለሆነ ሌላ የትም አይገኝም። ታላቅ ወንድሜ ጓሮውን ለሆቴል ሠሪዎች ሸጦታል፤ ዛፉ ሰኞ ይቆረጣል። እኔ ቅዳሜ የደረስኩት ቀንበጥ ወስጄ ዘሩን ላተርፍ ነው። እርጥብ ጨርቅና ስለታም ቢላዋ ይዣለሁ።

በጥንታዊው የድንጋይ ድልድይ ላይ ጎብኚዎች ተደርድረው ፎቶ ይነሳሉ። አሮጌዎቹ ቤቶች ሁሉ አንድ ዓይነት ቢጫ ተቀብተዋል። በየበሩ የብርቱካን ጭማቂ ይሸጣል፤ ሳጥኖቹን አየኋቸው፣ ከሌላ አገር የመጡ ናቸው።

«የከተማዋ እመቤት! መንገዱ የጠፋሽ መስሎኝ ነበር» አለ ወንድሜ በሩን እየከፈተ።

«መንገዱስ አልጠፋኝም፤ ቤቱን ነው በቀለሙ የሳትኩት።»

«ጎብኚ ቢጫ ይወዳል፣ ምን ላድርግ? ይልቅ ነይ ዛፍሽን እይ።»

ዛፉ በእርግጥ ለምልሟል። ቅጠሉን ገለበጥኩት፤ አንገቱ ላይ እንደ ትንሽ ክንፍ ሰፋ ያለ ነገር አለው። እሾሁ የጣቴን ያህል ነው። የአባቴ ዛፍ እንዲህ ያለ ክንፍም እሾህም አልነበረውም።

አባታችን ጣፋጩን ቀንበጥ የሚያጣብቀው በመራራ ብርቱካን ግንድ ላይ ነበር፤ የመራራው ሥር ውሃ ቢበዛበትም ይችላል። የተጣበቀበት ቦታ ጠባሳ ይቀራል። ከጠባሳው በላይ ያለው ጣፋጭ ነው። ከበታቹ የሚያቆጠቁጠው መራራ ስለሆነ ወዲያው መነቀል አለበት።

«ወንድም ጋሼ፣ ያ ድርቅ በመጣ ዓመት ከዛፉ ምኑን ነው የቆረጥከው?»

«የደረቀውን ነዋ! ላይኛው ቅጠሉን አራግፎ ነበር፤ ከታች ይሄ ወጣ። አባባ ምን ይል ነበር? የደረቀውን ቁረጥ፣ የለመለመውን አትንካ። በባልዲ ከወንዝ እየቀዳሁ ነው ያሳደግኩት። ወገቤ ምስክሬ ነው።»

«ጠባሳውን አላየኸውም?»

«የምን ጠባሳ?»

አባቴ ጠባሳውን ያሳየው ለእኔ ነበር፤ ጠያቂዋ እኔ ነበርኩና። ለእሱ ትእዛዙን ብቻ ሰጠው። ከዚያ እኔ ሄድኩ፤ እሱ ቀረ።

አንድ ፍሬ ቀጥፌ ለሁለት ከፈልኩና ግማሹን ሰጠሁት። ሲጎርሰው ፊቱ ተጨማደደ፤ ግን አልተፋውም፣ ዋጠው።

«ገና ነው፣ አልበሰለም።»

«በስሏል።»

«እንግዲያው ጠያቂ ያጣ ፍሬ ይመርራል» ብሎ ሳቀ። ሳቁ ቶሎ ቆመ። «ብትመጪ ኖሮ አንቺ ታዪው ነበር።»

«በደወልኩ ቁጥር ለምልሟል ትለኝ ነበር።»

«ለምልሟላ!»

ተንበረከክኩ። ከጠባሳው በላይ የቀረው ጉቶ አራት ጣት ያህል ነው። ሕያው እንጨት ቅርፊቱ ሲፋቅ ውስጡ አረንጓዴ ነው። ወንድሜ ከአናቴ ላይ ቆሞ እየጠበቀ ጉቶውን በቢላዋው ጫፍ ዙሪያውን ፋቅኩት። ዙሪያውን ቡናማ ነበር፣ እስከ ጠባሳው ድረስ።