በሬሳ መኪና ለቃለ መጠይቅ

ዴክስተር ኮቫች የሕክምና ትምህርቱን ሊጨርስ ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ ከሐኪምነት የለየው የመንገድ ወጪ ብቻ ነበር። ሬዚደንት የሚባለውን ጀማሪ ሐኪም የሚቀጥሩ ሆስፒታሎች ተማሪውን ጠርተው ያነጋግሩታል፤ አውሮፕላኑንም ሆቴሉንም የሚከፍለው ግን ተማሪው ነው። ከተቀበሉት ደግሞ ዕቃውን ጭኖ የሚሄደው በራሱ ኪስ ነው። ዴክስተር ቀደም ያሉትን ጥሪዎች በብድር ዞሮ ጨረሰ፤ ማንም የፈለገው አይመስልም። የቀረው በሩቅ ሰሜን ያለችው የዱሉት ከተማ ሆስፒታል ብቻ ሲሆን ባንኩ ከዚህ በላይ አላበድርም አለ።

ያን ጊዜ ነው እሱ ከሚማርባት ከቶሌዶ እስከ ዱሉት ድረስ የሚነዳው ሰው ያጣ የሬሳ መኪና የተገኘው። የመኪናው ባለቤት ለዱሉት ሰው ሸጦታል፤ ቤንዚኑ ከእሱ፣ ጉልበቱ ከዴክስተር። ሆቴሉም እዚያው ውስጥ ነበር፤ የኋላው ክፍል ለመጋደም ተብሎ የተሠራ ነው።

የሆስፒታሉ መኪና ማቆሚያ ያስከፍላል። ጥበቃው ግን መኪናውን ሲያይ ቆቡን አውልቆ በጓሮ በር በነጻ አስገባው። ዴክስተር ደስ አለው። ያለችው አንዲት ሱፍ ጥቁር መሆኗን ልብ አላለም።

የአስከሬን ክፍሉ ሠራተኛ በር ላይ ተቀብሎ የትኛውን እንደሚወስድ ጠየቀው።

«እኔ እንኳ ለቃለ መጠይቅ ነው የመጣሁት።»

«ወንድሜ፣ እዚህ ያሉት አይመልሱልህም።»

ሊፍቱ የት እንደሆነ ሲያፈላልግ አንዲት አሮጊት ክንዱን ያዙት። ወይዘሮ ሃልቮርሰን ይባላሉ። ባላቸው ሌሊቱን አርፈው፣ አስከሬኑን የሚወስደው መኪና በበረዶ ዘግይቶባቸው ነበር። የተጠበቀው ሰው እሱ እንዳልሆነ ሊነግራቸው አፉን ሲከፍት አለቀሱ። አጠገባቸው ተቀመጠ። ባላቸው ሐይቁ ላይ የረጋውን በረዶ ቆፍረው ቀኑን ሙሉ ዓሣ ሲጠብቁ እንደሚውሉ፣ አንድም ዓሣ ይዘው ገብተው እንደማያውቁ አጫወቱት። የቀጠሮው ሰዓት አለፈ።

እውነተኛው የቀብር አስፈጻሚ ሹፌር ሲደርስ ዴክስተርን ከላይ እስከ ታች አይቶ የሬሳ መኪና የመንዳት ሥራ አቀረበለት፤ የዕቃ ማጓጓዣውንም መሥሪያ ቤታችን ይችላል አለው። ዴክስተር ለአፍታ አሰበበት። እውነቱን ለመናገር ከአፍታም በላይ።

ላይ ሲወጣ ጠያቂዋ ዶክተር ፕሩት የተረፈችውን ደቂቃ ሰጠችው። ለምን እንደዘገየ ጠየቀችው፤ ነገራት። ሃልቮርሰን የሚለውን ስም ስትሰማ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ሟቹ የእሷ በሽተኛ ነበሩ።

«ሚስታቸው ስለ እኛ ምን አሉ?»

አመሰገኑ ቢላት ምንም አያስወጣውም፤ ምንም የማያስወጣ ነገር ደግሞ በዚያ ሰሞን ብርቅ ነበር።

«መሞታቸውን የነገረቻቸው ወለል የምታጸዳው ሴትዮ ናት። ሐኪም አልመጣም አሉ።»

ዴክስተር ወደ ቶሌዶ የሚመልሰውን አውቶቡስ ማሰብ ጀመረ።

«ወይዘሮዋ ሄደው ይሆን?» አለች ዶክተሯ።

መንገዱ እስኪጠረግ ከሹፌሩ ጋር ታች እንደሚጠብቁ ነገራት።

«ና በል፣ አብረን እንውረድ።»

ሊፍቱ ውስጥ በሩን እያዩ ጎን ለጎን ቆሙ። የጥያቄ ወረቀቱን ሳታስቀምጥ ነበር የወጣችው። የምትለው ቢጠፋት አንዱን አነበበች።

«ከአምስት ዓመት በኋላ ራስህን የት ታያለህ?»

በሩ አስከሬን ክፍሉ ፊት ለፊት ተከፈተ።

«እዚሁ» አለ ዴክስተር፣ «እርስዎ ከፈቀዱ።»

«የዕቃ ማጓጓዣ አንከፍልም» አለችውና ወደ አሮጊቷ ሄደች።