ከሁለት እስከ ሦስት

«ቀስ! ቀስ በል እንጂ! ያ ሳህን ካንተ ዕድሜ ይበልጣል!»

ማማ ኑሪያ ግቢው መሃል ቆመው ምርኩዛቸውን ወደ ጣሪያው ይሰብቃሉ። ጣሪያው ላይ ሁለት ሠራተኞች ዲሹን ነቅለው በገመድ እያወረዱት ነው። የቤት ሠራተኛዋ ኑኑ ከሥር እጇን ዘርግታ ትጠብቃለች። ማንም ጠብቂ ያላት የለም፤ ግን በዚህ ቤት ከላይ የሚወርድ ነገር ሁሉ መጨረሻው እሷ እጅ ላይ መሆኑን ታውቃለች።

«ዝገት እኮ ነው ማማ» አለ ሙአዝ። የማማ ኑሪያ የልጅ ልጅ፣ የቤቱ በኩር ነው፤ ሙዋይለህ ሄዶ ዩኒቨርሲቲ ስለሚማር የማያውቀው ነገር የለም። «ከዛሬ ጀምሮ ሁሉም በኢንተርኔት ነው። የፈለግሽውን ፊልም፣ በፈለግሽው ሰዓት።»

«እኔ የምፈልገው ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ሰውዬው የመረጠልኝን ነው።»

«የምን ሰውዬ?»

«እዚያ ጣቢያው ውስጥ ያለው! ስንት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አርፍዶብኝ አያውቅም። ያንተ አባት እንኳ እንደሱ አይደለም።»

እውነቱን ለመናገር ኑኑ በዲሹ መውረድ ደስ ብሏት ነበር። ሰፈራቸው አል ማምዛር ላይ አሸዋ የያዘ ነፋስ በነፈሰ ቁጥር መጥረጊያ ይዛ ጣሪያ የምትወጣው እሷ ናትና። «ተገላገልኩ» ብላ በሆዷ ዘፈነች። ዘፈኗ የቆየው እስከ ማታ ሁለት ሰዓት ብቻ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዲሹ በነበረ ጊዜ ማታ ሁለት ሰዓት ሲል ቤቱ በሙሉ ሳሎን ይከተታል። ማማ ኑሪያ ሶፋው አናት ላይ፣ ልጃቸው ባባ ጎናቸው፣ የባባ ሚስት ማዳም ጥፍሯን እየሞረደች፣ ሙአዝ ስልኩን እየጎረጎረ፣ መንትዮቹ ሴቶች ልጆች ምንጣፉ ላይ። ኑኑ አንድ ፔርሙስ ሻይና አንድ ትሪ ቴምር ታስቀምጥና ውልቅ ትላለች። ከዚያ ድራማው እስኪያልቅ ሰማይ ቢደፋ ኑኑን የሚጠራ የለም። ማን ይነሳል? ያመለጠ ትዕይንት አይመለስማ። ይቺ ከሁለት እስከ ሦስት ያለችው ሰዓት የኑኑ ናት። ውሏ ላይ አልተጻፈችም፤ ማንም አልሰጣትም፤ ስላልሰጣትም ማንም አልነጠቃትም። ወጥ ቤቱን ዘግታ፣ እግሯን ካርቶን ላይ ሰቅላ፣ ዱባይ ማሪና ሆቴል ውስጥ ከምትሠራው ከደብረ ታቦር አብሮ አደጓ ከፀደንያ ጋር በስልክ ሰው ስትቦጭቅ ታመሻለች። ኑኑ በአማርኛ የምትስቀው በዚያች ሰዓት ብቻ ነበር።

ታዲያ በመጀመሪያው ማታ ሁለት ሰዓት ሆነ፤ ሳሎን የመጣ የለም። ሁሉም በየክፍሉ በሩን ዘጋ።

«ኑኑ! ሻይ!» ባባ ነው።

«ኑኑ! ፖፕኮርን! ያላ!» ሙአዝ።

«ኑኑ፣ ከታብሌታችን ላይ እርጎ ጥረጊልን!» መንትዮቹ።

ፖፕኮርኑን ይዛ ደረጃውን እያለከለከች ስትወጣ የሙአዝ ፊልም ቆሟል። ተዋናዩ አፉን እንደከፈተ ደርቋል።

«የት ቆየሽ? ፊልሙን አቁሜ እየጠበቅኩሽ ነው እኮ!»

ኑኑ ተዋናዩን አየችው፤ አሳዘናት። ምስኪን፣ እሱም ፖፕኮርን እየጠበቀ ነው። ድሮ ፊልሙ ሰውን ቀጥ አድርጎ ያስቀምጥ ነበር፤ አሁን ሰው ፊልሙን ቀጥ ያደርግና ኑኑን ያስሮጣል። ድሮ አንድ ትሪ ነበር፤ አሁን በየክፍሉ ትሪ ሆነ። ማለቂያ ደግሞ የለውም፤ አንዱ ክፍል ሲያልቅ ሌላው ራሱ ይቀጥላል፤ ማንም «አለቀ፣ እንተኛ» አይልም።

ፀደንያን ያገኘቻት ከስንት ቀን በኋላ ልብስ እያሰጣች ነው።

«ምነው እቴ፣ ሚሊየነር አገባሽ? ስልክ ማንሳት ተውሽ።»

«ቴሌቪዥናቸውን ነቅለውብኝ ነው።»

«ታዲያ አንቺ አንቴና ነሽ?»

«ሳቂ፣ ሳቂ። ሰዓቴን ወሰዱብኝ እያልኩሽ…»

«ኑኑ! ካልሲዬ!» አለ ከላይ ሙአዝ፤ ስልኩ ተዘጋ።

ከኑኑ ይልቅ የከፋቸው ማማ ኑሪያ ናቸው። ሳሎኑን የሚያክል አዲስ ቴሌቪዥን ፊት ብቻቸውን ይቀመጣሉ። ሪሞቱን ሲነኩት ትናንሽ ሥዕሎች በመደዳ ይወጣሉ፤ አንዱ ያለቅሳል፣ አንዱ ሽጉጥ ይዟል፣ አንዷ ትስማለች።

«ምረጪ ይለኛል» አሉ አንድ ቀን፣ ሻይ ስታቀርብላቸው። «ልጄ፣ እኔ ባሌን እንኳ አልመረጥኩም። ያኔ ማንም ሳይጠይቀኝ፣ ዛሬ ጥርሴ ካለቀ በኋላ ከሺህ ሰው አንዱን ምረጪ ይለኛል።»

ኑኑ ሳቋ አመለጣት። አጠገባቸው ቁጭ ብላ አንድ ተከታታይ ድራማ ከፈተችላቸው። ሁለት ሚስት ያለው የዕንቁ ነጋዴ ነው፤ ማማ ኑሪያ ገና ከመጀመሩ «ይሄ ሌባ ነው፣ ዓይኑን እይው» ብለው ተመቻቹ። ወዲያው ሙአዝ ደረጃውን እየዘለለ ወረደ።

«ማን ነው ቦታ የያዘብኝ? ኳስ ሊጀምር ነው! ማማ፣ አካውንቱ በአንድ ጊዜ ለአራት ብቻ ነው የሚከፍተው። አባዬ አንድ፣ እማዬ አንድ፣ መንትዮቹ አንድ፣ እኔ አንድ። ኸላስ፣ ሞላ።»

«እኔስ?»

«አንቺ እኮ ሁሌም ትተኛለሽ።»

ሪሞቱን ከእጃቸው ወስዶ ቴሌቪዥኑን ዘጋው፤ ጉንጫቸውን ስሞ ሮጠ። ማማ ኑሪያ የጠቆረው መስታወት ላይ የራሳቸውን መልክ እያዩ ቀሩ።  ኑኑ ይሄን አልወደደችውም።

ትሪውን አንስታ ወጥ ቤት እስክትደርስ ግን አንድ ነገር በጭንቅላቷ ይዞር ነበር። ሙአዝ እስከ ታች ወርዶ የዘጋው ለምንድን ነው? እላይ ሆኖ አልከፍትለት ስላለ ነዋ! ስለዚህ ቀድሞ የገባውን ማንም አያስወጣውም ማለት ነው። ልክ እንደ ታክሲ፤ የተቀመጠ ተቀመጠ፣ ዘግይቶ የመጣ በር ላይ ይንጠለጠላል። ደግሞ መንትዮቹ ታብሌታቸው ባትሪ የጨረሰ ቀን ያንኑ አፕ ኑኑ ስልክ ላይ ጭነውታል፤ እስከዛሬ አለ።

ትሪውን ጥላ ተመለሰች።

«ማማ፣ ነገ ከሁለት ሰዓት ቀደም ብለን እንግባ። እርስዎ በቴሌቪዥኑ፣ እኔ በስልኬ። አራት ወንበር ካለ ሁለቱን ያዝን ማለት ነው።»

«ሁለት ቀረ።»

«ሁለቷን እነሱ ይካፈሏት።»

ማማ ኑሪያ ቀስ እያለ ገባቸው። ሲገባቸው ሆዳቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። «አንቺን ወጥ ቤት ያስቀመጠሽ ሰው ተሳስቷል። የወደብ ሹም መሆን ነበረብሽ።»

«ሪሞቱንስ ቢወስዱብዎት?»

«እቀመጥበታለኋ። ከእኔ ሥር ማን ጀግና ያወጣዋል?»

በማግስቱ ማማ ኑሪያ ሪሞቱ ላይ ተቀመጡ። ኑኑም ስልኳ ላይ አንድ የሕንድ ፊልም ከፈተች፣ ድምፁን አጠፋች፣ ቻርጀሩን እንደሰካች በላስቲክ ጠቅልላ ሩዝ በርሜሉ ውስጥ ቀበረችው። ማዳም እዚህ ቤት ገብታ ሦስት ልጅ ስትወልድ የሩዝ በርሜል ከፍታ አታውቅም፤ ከዚያ የተሻለ ባንክ የለም።

ያን ማታ ቤቱ ታመሰ። ማዳም «ኢንተርኔቱ ሙሽኪላ አለበት» ብላ ተነሳች። ሙአዝ የኢንተርኔቱን ማሽን ነቅሎ ሰካው፤ ነቅሎ በሰካው ቁጥር ኑኑ እንደ አዲስ መክፈት ስላለባት ሩዝ ለመታጠብ የቸኮለች መስላ በርሜሉ ላይ ትደፋለች። ማዳም ባባን «የይለፍ ቃሉን አጅማን ላለው ወንድምህ ሰጥተኸዋል!» ብላ አፋጠጠችው፤ ባባ በእናቱ ስም ማለ። እናቱ ሪሞታቸው ላይ ተቀምጠው «አሚን» አሉ።

መጀመሪያ የወረዱት መንትዮቹ ናቸው። ቀጥሎ ማዳም፣ «ለአሥር ደቂቃ ብቻ» ብላ። ሙአዝ ሦስት ቀን አኮረፈ፤ በአራተኛው የዕንቁ ነጋዴው ሁለተኛ ሚስት መርከቧን እንዳቃጠለች እህቶቹ ሲያወሩ ሰማና እሱም ወረደ። ባባ እላይ ሰፊ ቦታ ይዞ ብቻውን ቀረ፤ ከሳሎን የሚመጣው ሳቅ ግን ዜናውን አላሰማው አለ። ወረደ።

አንድ ፔርሙስ፣ አንድ ትሪ። ኑኑ ወጥ ቤቱን ዘግታ እግሯን ካርቶን ላይ ሰቀለች። ሰዓቷ ተመለሰች! እሰይ! እጇ በልማድ ኪሷ ገባ፤ ኪሷ ባዶ ነው። ስልኳ ሩዝ ውስጥ ሆኖ ቦታ ይጠብቃል። ሰዓቷን አስመለሰች፤ የምታወራበትን ደግሞ መያዣ ሰጠች። ሽንኩርቱን ዓይን ዓይኑን ስታይ አመሸች።

ቀጥሎ የሆነው ሁሉ በምን መጣ? በራሷ ጉራ። ጠዋት ለፀደንያ «ሰዓቴ ተመልሳለች! ታሪኩን ብታውቂ!» ብላ መልእክት ላከች። ለፀደንያ እንዲህ ያለ ነገር ተልኮላት ነው ዝም የምትለው?

ማታ ማዳም ውሃ ጠማት። ሳሎን ውስጥ አሁን ማንም ፊልሙን አቁሙ ማለት አይችልም፤ ነጋዴው ሊፋታ ነው። ኑኑን ብትጣራም ጫጫታው ዋጠው። ስለዚህ ራሷ ወጥ ቤት መጣች። ኑኑ ካርቶኑን ረግጣ ተነሳች። ልክ በዚያች ቅጽበት ሩዝ በርሜሉ እስክስታ መታ።

ማሲንቆ፣ ከበሮ፣ እልልታ። የፊልሙን ድምፅ እንጂ የጥሪውን ድምፅ አላጠፋችም ነበር።

«ያ አላህ! ሩዙ!» ማዳም ወደ ኋላ ዘለለች። ከዚያ ክዳኑን ከፈተች፤ ከላይ ቻርጀር፣ ከሥር ስልክ።

«ውሃ… ውሃ ውስጥ ወድቆ ነው ማዳም። ሩዝ ያደርቀዋል ሲሉ ሰምቼ…»

ጥሪው ቆመ። ፊልሙ ካቆመበት ቀጠለ፤ ጢማሙ ሰውዬ ባቡር ጣሪያ ላይ ይሮጣል። ማዳም ሰውዬውን አየች፣ ኑኑን አየች፣ ሳሎኑን አየች። ሞኝ አይደለችም።

«ለካ አጅማን ያለው አንቺ ነሽ! ባሌን በሐሰት አስማልሽኝ! ነገ ኤጀንሲ እደውላለሁ።»

 ኤጀንሲ ማለት ሻንጣ ማለት ነው። ምርኩዝ ሲቆረቁር ተሰማ፤ ማማ ኑሪያ ሪሞቱን እንደ ጎራዴ ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል።

«ያዘዝኳት እኔ ነኝ። ኤጀንሲ ከደወልሽ ለእኔም ደውዪልኝ፤ አብረን እንሄዳለን። ከእናንተ ሁሉ ብቻዬን መሆኔን ያየችው እሷ ብቻ ናት። ለእኔ ብላ ነው።»

 ከሳሎን መንትዮቹና ሙአዝ ባንድ ላይ ሲስቁ ተሰማ። ማዳም ወደ ሳሎኑ ዞር አለች። ዓይኗ እርጥብ እርጥብ አለ፤ ስልኩን እንደያዘች ወደ ኑኑ ቀረበች።

«ልብሽ ወርቅ ነው ለካ። ኸላስ፣ ሙሽኪላ የለም። እንዲያውም ከነገ ጀምሮ ማታ ማታ ከሁለት እስከ ሦስት ከማማ ጎን ትቀመጫለሽ፤ እየመረጥሽ ትከፍቺላታለሽ። ሻይም በዚያው ለሁላችን ትቀጃለሽ።»

ማማ ኑሪያ ፊታቸው በራ። ኑኑ ግን እዚያው ደረቀች። ተመሰገነች፣ ተሸለመች፣ ሽልማቷም ያችው ሰዓቷ ሆና ከእጇ ወጣች! «ሹክረን ማዳም» ብላ እጅ መንሳት ቀላል ነበር፤ ኤጀንሲውም ይቀራል። ዝም ካለች በሰላም ትኖራለች። ግን ካልተናገሩ ደጃዝማችነትም ይቀራል።

«ማዳም… ለማማ ብዬ ብቻ አይደለም።»

«እ?»

«ለራሴም ነው። ከሁለት እስከ ሦስት የእኔ ሰዓት ነበረች። ማረፊያዬ። ትሪውን አቀርባለሁ፣ ከዚያ እስከ ሦስት ማንም አይጠራኝም ነበር።»

«ያንቺ ሰዓት? ማን ሰጠሽ?»

ኑኑ አሰበች። «ቴሌቪዥኑ» አለች።

ማማ ኑሪያ ፊታቸው እንደ መጨማደድ አለ። ምርኩዛቸውን አንዴ ወለሉ ላይ መቱ። ኑኑ አንገቷን ደፋች።

«ታዲያ እኔስ ለማን ብዬ ነው ሪሞት ላይ ስቀመጥ የከረምኩት?» አሉ። «ለራሴ ነዋ! መቀመጫዬ እስኪላጥ! ደግሞ እሷ አጠገቤ ብትቀመጥ ከእኔ ቀድማ ሌባውን ትለያለች፤ አልፈልግም።» ዞረው ሄዱ።

 ማዳም እጅ ላይ ስልኩ እንደገና ጮኸ። ማዳም ማንበብ የማትችለውን የአማርኛ ስም ትኩር ብላ አየችውና ወደ ኑኑ ዘረጋችው። ከሳሎን ደግሞ «ኑኑ! በረዶ!» የሚል መጣ።

ኑኑ ስልኩን ተቀበለች። በሩን አየች፣ ማዳምን አየች። ከዚያ አንዷን ወንበር በእግሯ ሳበችና ማዳም እንደቆመች፣ እሷ ተቀመጠች።

«ሃሎ ፀዲ፣ አለሁ» አለች፣ ስልኩን ከሩዝ እያራገፈች። «እስከ ሦስት ነኝ፤ አውሪኝ።»