ስለ ወንድሜ እኔ ልናገር

የምሠራው ሆስፒታል ካርድ ክፍል ነው። አሥራ ስምንት ዓመት አንዲት መስኮት ሥር ተቀምጬ፣ በሽተኛው አፉን ሳይከፍት ዕድሜውን በዓይኔ ገምቼ ጨርሻለሁ። ስለዚህ ታናሽ ወንድሜ መጠጥ ውስጥ ሲገባ፣ ስለ እሱ መናገርም በኔ ጫንቃ ላይ ወደቀ። አለቃው ሲደውል «ወገቡን አሞት ነው» እላለሁ። ጎረቤት ሲጠይቅ «ሥራ በዝቶበት ነው» እላለሁ። ውሸቱ እንዴት እንደሚፈስልኝ!

ወንድሜ አናጢ ነው፤ እሱ የገጠመው በር ሲዘጋ ድምፅ አያሰማም። ኋላ ግን ጠዋት ጠዋት ካልጠጣ እጁ ይንቀጠቀጥ ጀመር። አንድ ቀን መጋዙ ስቶ ሁለት ጣቱን ሊወስድበት ለጥቂት ተረፈ። ያን ዕለት ቁስሉን እያሰርኩለት «በቃ!» አልኩ።

ሆስፒታላችን ኮሪደር ላይ ካለው ማስታወቂያ ሰሌዳ «መጠጥ ለማቆም ለሚፈልጉ፤ ዘወትር ቅዳሜ ከሰዓት» የሚል ወረቀት አገኘሁና ደወልኩ።

«ለማን ነው?» አለኝ አንድ ወፍራም ድምፅ።

«ለወንድሜ።»

«እሱ ራሱ ይደውል።»

«እሱማ የሚደውል ቢሆን እኔ ምን አስደወለኝ?» ብዬ ጆሮው ላይ ዘጋሁበት።

በሦስተኛው ቀን ወንድሜ የሰጠሁትን ቁጥር ይዞ ወጥ ቤት ገብቶ፣ በሩን ገርበብ አድርጎ ራሱ ደወለ። እኔ ከበሩ ጀርባ ቆሜ አዳመጥኩ፤ አላፍርበትም።

ቅዳሜ አብሬው ሄድኩ። ስብሰባው የሕፃናት ትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ ነው፤ ወንበሮቹ ከማነሳቸው የተነሳ የትልልቁ ሰው ጉልበት አገጩ ሥር ደርሷል። ሰብሳቢው ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሾፌር ናቸው። ድምፃቸውን ወዲያው አወቅኩት፤ ጆሯቸው ላይ የዘጋሁባቸው ሰውዬ ናቸው።

«እስቲ ራስህን አስተዋውቀን» አሉት ወንድሜን።

ዝም አለ። እኔ ደግሞ ዝምታ አልወድም። «አናጢ ነው፤ አርባ ሁለት ዓመቱ ነው፤ መጠጥ የጀመረው...»

«እህቴ» አሉኝ ሾፌሩ በትሕትና፣ «እዚህ ቤት ማንም ስለ ማንም አይናገርም። ውጭ አግዳሚ ወንበር አለ።»

በሕይወቴ ከክፍል ስባረር የመጀመሪያዬ ነበር። ውጭ ተቀምጬ አንድ ሰዓት ሙሉ ተንጨረጨርኩ።

ከዚያ ወዲያ ወንድሜ ከአንድም የቅዳሜ ስብሰባ አልቀረም። አራተኛው ሳምንት ላይ ግን ዓርብ ጠጥቶ አደረ። በማግስቱ ዓይኑ ቀልቶ ጫማውን ሲያስር፣ «ዛሬ ተኛ፤ አሞታል ብዬ እነግርልሃለሁ» አልኩት።

«አላመመኝም፣ እትዬ። ጠጥቻለሁ» አለኝና ወጣ። እኔ ያላልኩትን ነገር ስለ ራሱ ሲናገር የሰማሁት ያኔ ነው። ቆሽቴ አረረ፤ ግን ደግሞ ደስ አለኝ።

ከዚያ በኋላ ስድስት ወር ሙሉ ጠብታ ሳይቀምስ ቆየ። በስብሰባው ልማድ ስድስት ወር የሞላው ሰው ቤተሰቡን ጠርቶ ፊታቸው ይናገራል። ወንድሜ እኔንና አክስታችንን ጠራ። እኔ ክው አልኩ። እናታችን ያረፈች ዕለት አክስቴ «ወንድምሽ የት ነው?» ስትለኝ፣ «ሥራ ይዞት ሌላ ከተማ ነው፤ ስልኩ አይገባም» ብያት ነበር። ከእናታችን ወዲህ የቀረችን ትልቅ ሰው እሷ ብቻ ናት። እውነቱን ብትሰማ ደጃችንን የምትረግጥ አልመሰለኝም።

«ሌላውን ሁሉ ተናገር፤ ያንን ግን ተወው» ብዬ ለመንኩት።

«አንቺ አትግቢበት» አለኝ።

ቅዳሜ ደረሰ። ወንድሜ ተነስቶ ቆመ።

«እማዬ ስታርፍ ሌላ ከተማ አልነበርኩም። ከቤታችን ሁለት መንገድ አልፎ፣ መጠጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተደፍቼ ነበር። እስከ መጨረሻዋ ስትጠራኝ ነበር። አልመጣሁላትም።»

ድምፁ ተሰበረ እንጂ አልቆመም። እጁን አየሁት፤ አይንቀጠቀጥም። ልቤ በኩራት አበጠ፤ «ይሄ እኮ ወንድሜ ነው!» ብዬ ልጮህ ምንም አልቀረኝም።

አክስቴ ግን ወደ እኔ ዞረች። «ሌላ ከተማ ነው ያልሽኝ አንቺ አይደለሽም እንዴ?»

ወንድሜ አፉን ከፈተ። «እኔ ነኝ እንደዚያ በያት ያልኳት» ቢል ነገሩ ያልቅ ነበር፤ እኔ ስንት ዓመት ለእሱ እንደዋሸሁት እሱም አንዴ ለእኔ ቢዋሽ ማን ይፈርድበታል? ግን አየኝና አፉን መልሶ ገጠመ። እንደዚያን ቀን አኩርቶኝ አያውቅም፤ እንደዚያን ቀንም አናዶኝ አያውቅም።

ተነሳሁ። ስለ ሰው ሁሉ ሳወራ የኖርኩት ሴትዮ፣ ስለ ራሴ የምለው ጠፋኝ። ሾፌሩ አላስቸኮሉኝም፤ ማንም አላገዘኝም።

«እኔ ነኝ የዋሸሁሽ፣ አክስቴ» አልኩ። «እሱ አላዘዘኝም። ወንድሜን ሰው እንዳይንቅብኝ ብዬ ነው። አንቺንም እሱንም በደልኩ።»

አክስቴ አጠገቧ ካለው ወንበር ላይ ቦርሳዋን አነሳች።

«ነይ ተቀመጪ» አለችኝ፣ «ልጁ ገና አልጨረሰም።»

ሄጄ ጎኗ ተቀመጥኩ። ወንድሜ ጉሮሮውን ጠርጎ ካቆመበት ቀጠለ፤ እኔም እስኪጨርስ ድረስ አንዲት ቃል ሳልተነፍስ አዳመጥኩት።