ፀሐይ ላይ የዋሉ ድንጋዮች

ልጆቼ፣ ትናንት የልጅ ልጄ ሎሚ ስልኳን ቆሻሻ ውስጥ ልትጥል ስትል ደረስኩባት። «ባትሪው ሞቷል አባባ፤ ተከፍቶ አይወጣም፣ እንዳለ ነው የሚጣለው» አለችኝ። ከእጇ ተቀብዬ ኪሴ ከተትኩት። ሳቀችብኝ። ሳቂ የኔ ልጅ፤ እኔ የሞተ ባትሪ ሲጣል ማየት የማልወድበት ምክንያት አለኝ።

በሰባ አራት ዓመተ ምሕረት ነው። ወንጂ፣ የሸንኮራ ሠራተኞች ካምፕ ነበርን። እኔ ስድስተኛ ክፍል ድረስ በመማሬ ብቻ የመሠረተ ትምህርት አስተማሪ ተባልኩ። ከተማሪዎቼ አንዷ ጎረቤቴ እትዬ አሳየች ነበረች። አንድ ልጇ ገመቹ ሰሜን ጦር ግንባር ነው። ደብዳቤውን ራሷ ማንበብ ፈልጋ፣ ከአገዳ ኩትኳቶ ስትመለስ እግሯን እንኳ ሳትታጠብ መጥታ ትቀመጣለች።

እሁድ እሁድ ወታደሮች ለቤተሰብ ሰላምታ የሚያቀርቡበት የራዲዮ ፕሮግራም ነበር። ገመቹ «በመጪው እሁድ ድምፄን ትሰሚያለሽ» ብሎ ጻፈ። ያነበብኩላት እኔው ነኝ። የራዲዮ ድንጋይ ግን ከሱቅ ከጠፋ ሁለት ወር አልፎታል። ድንጋይ ስላችሁ ባትሪ ነው፤ ያኔ እንደዚያ ነበር የምንለው። ሲደክም ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ ሲሞቅ ነፍስ ይዘራና ትንሽ ያወራል። አሳየችም አራት ድንጋዮቿን ጣራዋ ላይ ደርድራ፣ ሳምንቱን ሙሉ ራዲዮዋን ሳትከፍት ቆየች።

ቅዳሜ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻው ተቆጣጣሪ ሸዋወርቅ መጥታ ክፍሌን አየች። «ጓድ ጉደታ፣ ይሄ ጥቁር ሰሌዳ ከተባለ እኔም ፈረንጅ ነኝ! ሰኞ እንግዶች ይመጣሉ፤ ያጥቁሩት።»

ሰሌዳ የምናጠቁረው በሞተ ድንጋይ ነበር። ይሰበርና ውስጡ ያለው ጥቁር ነገር ተወቅጦ በቅጠል ጭማቂ ይለወሳል። ከቤት ቤት ዞሬ ለቀምኩ። አራት ጎደለኝ። አሳየች አገዳ ውስጥ ናት፤ ጣራዋ ዝቅ ያለ ነው። እጄን ሰደድኩ። ይሞቃሉ ልጆቼ! ከዶሮ ሥር እንደወጣ እንቁላል ይሞቃሉ። ያኔ መመለስ ነበረብኝ። «የሞቱ ናቸው፤ ቢሞቁም አይናገሩም» ብዬ ራሴን ዋሸሁ። ወቀጥኳቸው። ቅርፊታቸውን ከቤቷ ጀርባ ካለው ቦይ ጣልኩት።

እሁድ ጠዋት በሬን አንኳኳች።

«አንተ ጉደታ፣ ድንጋዮቼን ያየ አለ?»

«ልጆች ይሆናሉ» አልኳት።

ራዲዮ ያለበትን ቤት ሁሉ ዞረች። የሚናገር አላገኘችም።

ማክሰኞ ከአቦምሳ እህል የሚያመጣው ነጋዴ መሐመድሰዒድ ከሩቅ እየጮኸ መጣ።

«አሳየች! ምሥራች! ልጅሽን በራዲዮ ሰማሁት!»

«ምን አለ?»

«ደህና ነኝ አለ።»

«ሌላስ?»

«ሌላማ… እህል እየሰፈርኩ ነበር። ያው ሁሉም ደህና ነኝ ነው የሚሉት።»

«ድምፁስ? ጎርንኗል ወይስ እንደ ድሮው ቀጭን ነው?»

«ኧረ አንቺ ሴት! ራዲዮ ውስጥ የሁሉም ድምፅ አንድ ነው» አላት፣ ሊያስቃት ብሎ።

አልሳቀችም።

መርዶው በጥቅምት መጣ። ከአርባው በኋላ ጥቁሯን ለብሳ ወደ ክፍል ተመለሰች። ጠመኔ ተቀብላኝ ሰሌዳው ላይ «ገመቹ» ብላ ጻፈች። አንድ ፊደል አልሳተችም። በእነዚያ ድንጋዮች ጥቁር ላይ ነጭ ሆኖ ወጣ። ሰው ሁሉ ሲወጣ ጠብቄ ነገርኳት።

«እትዬ አሳየች፣ ድንጋዮቹን የወሰድኩት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ» አለችኝ። «ያን እሁድ ‹ልጆች ይሆናሉ› ስትለኝ ጣቶችህ ጥቁር ነበሩ። የድንጋይ ጥላሸት በአንድ ቀን አይለቅም።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»

«ብጣላህ ማን ፊደል ያስቆጥረኛል? ደብዳቤዎቹ አሉኝ እኮ።»

ነጠላዋን ሰብስባ ወጣች።

በማግስቱ ቦዩ ውስጥ ገብቼ ቅርፊቶቹን ፈለግሁ። ዝገው ነጭ አረፋ ተፍተዋል። ዳር ላይ የተከለችው ጎመን ቢጫ ሆኗል። ሦስቱን በእጄ ቆፍሬ አወጣሁ። አራተኛውን ግን ውሃው ወስዶት ይሁን ጭቃው ውጦት፣ እስከ ዛሬ አላገኘሁትም።