ዮፍታሄ የሚተወው ክፍት ቦታ

እኔ ቁጡ ነኝ፤ አልክድም። ሳክስፎን ስነፋም ያው ነኝ፤ ክፍት ቦታ ካየሁ ዘው ብዬ እገባለሁ። የባንዳችን ትራምፔት ነፊ ዮፍታሄ ግን ሌላ ነው። ይነፋ ይነፋና ልክ ሙዚቃው ሲሞቅ ቀጥ! ሁለት ምት ያህል ዝም ብሎ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ይቀጥላል።

የምንጫወተው ደግሞ ሀርድ ቦፕ የሚሉትን ጃዝ ነው። ከበሮው ይጋልባል፤ ትራምፔትና ሳክስፎን ዜማውን አንድ ላይ ይነፉና በየተራ እንደልባቸው ይፈጥራሉ። እንዲህ ባለ ሙዚቃ መሃል መቆም እኔን ያሳብደኛል።

"ለምንድነው የምታቆመው?" ብዬ አንድ ቀን ባህል አዳራሽ አካባቢ በምንለማመድባት ክፍል ጮህኩበት።

"ጉባኤው አሜን እንዲል ነዋ" አለኝ።

አሥራ ሁለት ዓመት የነፋው ከመዘምራን ጋር ነው። እዚያ ስንኙ ያልቃል፣ ሕዝቡ አሜን ይላል፣ ትራምፔቱ ይቀጥላል።

"እዚህ ምን ጉባኤ አለ?"

"አውቃለሁ፣ ከድርዬ። ትንፋሼ ለምዶብኝ ነው።"

ሦስት ወር ሙሉ ወለሉን በእግሬ እየደበደብኩ ቆጠርኩለት። ወይ ፍንክች!

የተቆጣሁት በከንቱ አልነበረም። ፒያሳ ሆቴል ያላቸው ወይዘሮ አባይነሽ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ሰጥተውናል። "እንግዳው ከወደደው ቅዳሜ ቅዳሜ የእናንተ ነው፤ ካልወደደው ያን ኪቦርድ የሚጫወት ልጅ እመልሳለሁ" ብለዋል። እኔ ስምንት ዓመት በየሰርጉ ከዘፋኝ ኋላ ቆሜ ኖሬያለሁ። ይቺ ካመለጠችኝ ሳክስፎኑን ሸጬ እገላገላለሁ ብዬ ምያለሁ።

ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጀመርን። አዳራሹ ሞልቷል፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አሉ፣ ጥግ ላይ ልደት የሚያከብር ቤተሰብ አለ። መግቢያውን ዜማ አሳምረን ነፋነው፤ ወሬውን ያቋረጠ ሰው ግን የለም። ወይዘሮ አባይነሽ በሩ አጠገብ እጃቸውን አጣምረው ቆመዋል። የዮፍታሄ ተራ ደረሰና ገባበት፤ እውነትም አማረበት። ዛሬስ ተሳካ ብዬ ሳልጨርስ ቀጥ!

ደሜ ፈላ። ተራዬ አልነበረም፤ ቢሆንም በሳክስፎኔ አንድ አጭር ቁጣ ለቀቅኩበት፤ ቀጥል እንጂ፣ ምን ይገትርሃል!

ዮፍታሄ ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ ያንኑ ቁጣዬን ወሰደና አለስልሶ፣ ጫፉን ወደ ላይ አንስቶ መለሰልኝ። እንደገና ቆመ። እልህ ያዘኝና የባሰ ነገር ነፋሁበት፤ እሱንም ወስዶ አሳመረው። በሦስተኛው ሳቄ መጣ፤ ሳክስፎንን እየሳቁ መንፋት እንዴት እንደሚከብድ የነፋ ያውቀዋል። ከበሮ መቺያችን ሰሚራ "ኧረ በሉት!" ብላ ጮኸችና ምቱን አፈጠነችው። እሱ ሲጀምር እኔ እጨርሳለሁ፣ እኔ ስጀምር እሱ ይነጥቀኛል። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ዓይኔን ስገልጥ ወሬው ቆሟል። ልደት አክባሪዎቹ ኬኩን ትተው ወንበራቸውን ወደ እኛ አዙረዋል። ስንጨርስ ተማሪዎቹ ጠረጴዛ እየደበደቡ ተነሱ፤ ጭብጨባው አልቆም አለ።

"ይህን ሁሉ ጊዜ እኔን ነበር እንዴ የምትጠብቀው?" አልኩት፣ ላቤን እየጠረግሁ።

"እኔም አላወቅኩም" አለ። "ከእናንተ ጋር መጫወት ከጀመርኩ ወዲህ መልስ ያገኘሁት ዛሬ ነው።"

ወይዘሮ አባይነሽ በሰዉ መሃል እየተጋፉ መጡ።

"ቅዳሜ የእናንተ ነው" አሉ። "ግን ያን መሃል ላይ የተጣላችሁበትን ድገሙልኝ።"

"ኧረ አልተጣላንም፣ እትዬ" አለ ዮፍታሄ ደንግጦ።

"ተጣልተናል፣ እትዬ!" አልኩ እኔ፣ ሳክስፎኔን እያነሳሁ። "ይቀመጡ፤ ገና መጣላታችን ነው።"